ጠጠሩን ማን ቀድሞ ይጣል

ሰኞ

አራት ሴት! ከዚያ ሁሉ ገበሬ አራት ሴት ብቻ!

ዛሬ መርሳ አጠገብ ባለው የሙከራ ማሳችን የማሽላ ዘር መረጣ ነበር። አምስት መደብ፣ አምስት ዓይነት ማሽላ፣ በየመደቡ ፊት አንድ አንድ ጣሳ። ገበሬው ዞሮ ያይና የወደደው መደብ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ይጥላል። ብዙ ጠጠር ያገኘው ዘር ተባዝቶ ለመጪው ክረምት ለቀበሌው ይከፋፈላል። ወንዶቹ ሦስተኛውን መደብ መረጡ። ፍሬው ነጭ፣ ራሱ ድፍን ያለ፣ ቶሎ የሚደርስ። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምለው።

አራቱ ሴቶች ግን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ዋሉ። ለምን አትጥሉም ብላቸው "ባሎቻችን ጥለውልናል" አሉኝ። ንድድ አልኩ።

መኪና ውስጥ ለአለቃዬ ለአቶ ጌታነህ ቁርጡን ነገርኳቸው። ለሴቶች ሌላ ቀን ካልተያዘ ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም። "ጀመረሽ ደግሞ!" አሉ። ሲሪንቃን እስክናልፍ አኮረፉኝ። ከዚያ "እሺ ረቡዕ ይሁንልሽ፤ ሪፖርቱ ግን ዓርብ ወልድያ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል" አሉ።

ሥራ ስጀምር ለራሴ የገባሁት ቃል አለ። ተማሪ ሳለን መስክ ስንወጣ ወንዶቹ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሜትር ያዥ! እኔ በምሠራበት ቦታ ማንም እንደዚያ ቆሞ አይቀርም ብዬ ማልኩ። እስካሁን ከአፌ አልፎ ምን እንደሠራሁበት እንጃ።

ማክሰኞ

ለነገ፦
— ጣሳ አምስት (አንዱን የማሳው ጥበቃ ውሃ ሲጠጣበት አገኘሁት)
— ሸራ፣ ልጅ አዝለው ስለሚመጡ ለጥላ
— ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በፊት ማለቅ አለበት
— ቁጣዬን ቤት ትቼ መሄድ

ቀበሌ ሄጄ ሴቶች ጥሩልኝ ብል የሞዴል ገበሬ ሚስቶች ዝርዝር ሰጡኝ። መለስኩላቸው። በባጃጅ ጎጥ ለጎጥ ዞርኩ፤ ወገቤ ተቆረጠ። በመጨረሻ ማሳው አጠገብ የሚኖሩት እማ ሰዓዳ ዘንድ ገባሁ። ሰባን ያለፉ ይመስሉኛል፤ ሴቱም ወንዱም ሲያልፉ ቆሞ ነው ሰላም የሚላቸው። "አንቺ አትድከሚ ልጄ፣ ሴቱን እኔ አመጣልሻለሁ" አሉ። ጎሽ!

የልጃቸው ሚስት ጦይባ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ውሃ አቀረበችልኝ እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። እማ ሰዓዳ ባሉበት ቀና ብላም አታይ።

ረቡዕ

ሃያ ስምንት ሴት! እማ ሰዓዳ ሲናገሩ እንዲህ ነው።

በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ሸራው ተወጠረ፣ ሕፃናቱ ተኙ። "በሉ ትልልቆቹ ይቅደሙ" አልኩ። እማ ሰዓዳን ክንዳቸውን ይዤ ከፊት አደረግኳቸው። ዞረው ዞረው ሦስተኛው ላይ ጠጠራቸውን ኳ! አደረጉት። ሌላዋ ተከተለች፣ ሌላዋም። ሲቆጠር ሃያ ስምንቱም ሦስተኛው ጣሳ ውስጥ። አንድም አልቀረ!

ለአቶ ጌታነህ ደወልኩ። ወንድም ሴትም አንድ መረጡ አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ይህን ለማወቅ ነው ነዳጅ የጨረስነው?" ይበሉ ግድ የለም። ሴቶቹ በገዛ እጃቸው ጥለዋል።

ጦይባ የመጨረሻዋ ነበረች። ከመጣሏ በፊት አምስተኛው መደብ ጋ ቆም አለች። ፀሐዩ ያደከማት መሰለኝ።

ሐሙስ

ዋ እኔ! ዋ ሞኟ!

ሸራውን ልወስድ ጠዋት ተመለስኩ። ጦይባ ብቻዋን መደቦቹ መሀል ጎንበስ ብላ ታርማለች። ለካ የሙከራ ማሳችንን ክረምቱን ሙሉ የምታርመው የቀን ሠራተኛ እሷ ናት። ሁለት ዓመት በዚያ ማሳ ተመላልሻለሁ። የማውቀው ጀርባዋን ነው፤ ፊቷን ያየሁት ማክሰኞ ነው።

"እህቴ፣ ተቆጥሮ አለቀ?" አለችኝ። አለቀ አልኳት። ነቀለች ነቀለችና "ሦስተኛው ለእኛ መሬት አይሆንም" አለች።

ነገሩ አቀንጭራ ነው። ያ አበባው የሚያምር አረም፣ የማሽላውን ሥር ከመሬት በታች ይዞ የሚመጠው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሳው ንጹሕ እንዲመስል ነቅላ የምታወጣው እሷ ናት። እኛ የምናየው የጸዳውን ነው። ከሦስተኛው መደብ በቅርጫት እያደረገች አውጥታለች። ከአምስተኛው ክረምቱን በሙሉ ያወጣችው እፍኝ አይሞላም።

እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት። እጄን ይዛ አዞረችኝ። ያ ከባድ ዝናብ በጣለ ሰሞን እዚች ጥግ በቀለ፣ ኩትኳቶው እንዳለቀ እዚህ፣ በረዶ የጣለ ዕለት ማግስት እዚያ። መዝገቤን አወጣሁና ገጽ ገጹን እያየሁ ጠየቅኳት። ዝናቡ ልክ፣ በረዶው ልክ፣ የአረሙ ቀን ልክ። አንድ እንኳ አልሳተችም! ስለ አረሙ ግን የእኔ መዝገብ በእነዚያ ቀኖች ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይላል፦ "ታረመ"። ፊደል ሳትቆጥር ክረምቱን እንዳለ ይዛዋለች።  እግዜር ያሳያችሁ፣ ጸጉሬ ነው የቆመው።

"ታዲያ ትናንት ለምን ሦስተኛው ላይ ጣልሽ?"

"እማ ከጣሉ በኋላ?" አለችኝ፤ የእብድ ጥያቄ የጠየቅኳት ይመስል።

የወሎ ልጅ አይደለሁ እኔ? ምራት በሰው ፊት ከአማቷ በላይ እንደማትናገር ጠፍቶኝ ነው? ከሃያ ስምንቱ ስንቷ አማቷ ከፊቷ ነበረች? ትልልቆቹ ይቅደሙ ያልኩት እኮ እኔው ነኝ። ክንዳቸውን ይዤ! ጨዋነቴ አፋቸውን ዘጋው። 

ደግሞ ለእሷ ጨዋታ አይደለም። "የእኛ መሬት ከዚህ ይብሳል። ያንን ከዘራነው ለከርሞ የምንቀምሰው የለም" አለች።

ለአቶ ጌታነህ ደወልኩ። ተሳስቻለሁ አልኳቸው። ይህን ቃል ከእኔ ሰምተው አያውቁም። ጦይባ ያሳየችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ "ነገ በጠዋት መጥቼ ራሴ እሰማታለሁ። ካልተናገረች የረቡዕን ነው የምልከው" አሉ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ግን እማ ሰዓዳ አጠገቧ ከቆሙ እንዴት ትናገራለች?

ዓርብ



አቶ ጌታነህ በሁለት ሰዓት ደረሱ። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ የወጡት እማ ሰዓዳ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው። ጦይባ ከኋላ። አቶ ጌታነህ ስለ አቀንጭራው ጠየቋት። "እማ ያውቃሉ" አለች። እንደገና ጠየቋት። "እማ ያውቃሉ።" አቶ ጌታነህ ሰዓታቸውን አዩ። አለቀ አልኩ በሆዴ። እማ ሰዓዳን እባክዎ ዘወር ይበሉልን ልል ምላሴ ላይ መጣ፤ ግን አንዲት ትልቅ ሰው ከገዛ ደጃቸው እንዴት ይባረራሉ? ዋጥኩት።

እማ ሰዓዳ ጦይባን አዩአት። ቆይተው እኔን አዩኝ። "እኔ እያለሁ አትናገርም፤ ልጄ ናት፣ አውቃታለሁ። ልሂድላት" አሉ።

ሄዱ! ምርኩዛቸውን እየተከሉ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ ወረዱ። እዚያ ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን በዚያ ፀሐይ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም። ትናንት ማታ በሥራ መዝገቤ ላይ "አማትየዋ እንቅፋት ናቸው" ብዬ ጽፌ ነበር። እኔ ስለ እኩልነት ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት አለኝ። እሳቸውን ይህን ማን አስተማራቸው? እንባዬ መጣ፤ ላቤን የምጠርግ መስዬ ጠረግኩት።

ከዚያ ጦይባ ጀመረች። አፏ ሲፈታማ ማን ያቁማት! አቶ ጌታነህ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሦስተኛውን መደብ ሲጭሩት ከሥር እንደገና ያቆጠቆጠ አቀንጭራ ይወጣል። አምስተኛውን ሁለት ቦታ ጫሩ፤ የለም። ተነሥተው "በሃያ ዓመት ሥራዬ አራሚ ጠይቄ አላውቅም" አሉ። ድምፃቸው ተቀይሮ ነበር። "እንደገና ይጣል። ሪፖርቱ ለነገ ይደር።"

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተጣለ። ሴቶቹ መጀመሪያ የተጫሩትን መደቦች ዞረው አዩ። ጣሳዎቹን በሸራ ከለልን። አንድ አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ተራው በአመጣጥ ነው፤ የት ጣልሽ ተብሎ አይጠየቅም አልኩ። ሃያ አምስት ሴት መጣ። አምስተኛው አሥራ ሰባት፣ ሦስተኛው ስምንት። አላመንኩም፤ ሁለቴ ቆጠርኩ።

እማ ሰዓዳን የእርስዎስ የት ወደቀ አልኳቸው። "አይጠየቅም ያልሽ አንቺ አይደለሽ?" ብለው ሳቁብኝ።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ሪፖርት። የወንዶቹን ለብቻ፣ የሴቶቹን ለብቻ አስቀመጥኩ። የረቡዕ ስሕተቴንም ጻፍኩ፤ ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ። የመረጃ ምንጭ በሚለው ሥር ሁልጊዜ የምንጽፈው የባለሙያ ስም ነው። ጦይባ ብዬ ጻፍኩ።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ጌታነህ ደወሉ። አንብበውታል። ሁለቱም ዘር እንዲባዛ፣ አቀንጭራ ላለበት መሬት አምስተኛው እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ሰኞ ይልኩታል። ከላይ ይቀበሉ አይቀበሉ አላውቅም አሉ። እኔም አላውቅም። ከዚያ "ስሟ ጎደሎ ነው እኮ፤ የአባት ስም የት አለ?" አሉኝ።

 ስንት አድንቄያት፣ ስለ እሷ ስንት ገጽ ጽፌ፣ የአባትሽ ስም ማነው አላልኳትም። አፈርኩ።

እሑድ

እማ ሰዓዳ ስልክ ላይ ደወልኩ። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ። እናቴን፣ ጤናዬን፣ መንገዱን ሁሉ ጠይቀው ስልኩን ሰጧት። ምን ተፈጠረ ብላ ደነገጠች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ቀጠነ።

የአባትሽን ስም ፈልጌ ነው አልኳት። "ለምን?" አለች። መንግሥት ጋ በሚሄደው ወረቀት ላይ ይህን ያወቀችው እሷ ናት ተብሎ እንዲጻፍ ነው አልኳት።  ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ፤ ሃሎ ሃሎ ስል ዶሮ ይሰማኛል።

"ጦይባ ሰይድ" አለች ቀስ ብላ። "ጻፍሽው?"

ጻፍኩት አልኳት።

"ይማም ጨምሪበት። አያቴ ነው።"

ጨመርኩ።

"እስኪ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት።

"ድገሚው" አለችኝ፤ ደገምኩላት።