የሙሽራዋ መኪና እንግዳ ካምቢዮ

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰው የማላወራውን እዚህ ልጻፈው፤ ዛሬ መገናኛ ላይ የአባቴ ቮልስ ቆሞብኝ ትራፊኩ ራሱ ገፋልኝ። ካምቢዮው ከተቀየረ ወዲህ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ማርሽ አይገባም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ካላስነሳሁት ንቅንቅ የለም።

ካራ ሄጄ ለቀየሩልኝ መካኒክ፣ ለጋሽ ቶሎሳ፣ ነገርኳቸው። «ከሌላ ቮልስ የመጣ እንግዳ ነው፤ ቤቱን ይልመድ እንጂ ልጄ» አሉኝ። የጎረቤት ጋራዡ መካኒክ ሙላቱ ግን ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የድሮው ኩሽኔታ ከዚህ ካምቢዮ ጋር አይሄድም፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» አላቸው።

«አንተ ደሞ፣ ሰው ራሱን ቢያመውም ኩሽኔታ ነው ትላለህ። ሞተሩ ከወረደ ለእሁድ አይደርስም።»

ሁለቱንም አመንኳቸው፤ የቸገረኝም ይኸው ነው።

እሁድ የእህቴ ልጅ ትዳራለች። «በአያቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም» ብላለች፤ ሹፌሯ እኔ ነኝ። የሙሽራ አጀብ ጡሩንባ እየነፋ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ እንጦጦ ለፎቶ ስንወጣ ዳገቱ ላይ በቆምን ቁጥር ሞተር ላጥፋ? ቅድም ደውላ «አክስቴ፣ መኪናው ደህና ነው?» ስትለኝ «እንደ አዲስ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ብቻዬን እሞክረዋለሁ። ለእሷ እንደዋሸሁት ለደብተሬ አልዋሽም፤ ብወጣም ወደ ኋላ ብንሸራተትም እጽፈዋለሁ።