የመጨረሻው ብሎን

ሆሳዕና፣ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

አለፍኩ። የመካኒክነት ፈተናውን አለፍኩ! ካልጻፍኩት የሚጠፋ ይመስለኛል።

በጋራዣችን የመጨረሻውን ብሎን የሚያጠብቁት አሠሪያችን ጋሽ ኤርጫፎ ብቻ ናቸው፤ እኛ ትተንላቸው እንቆማለን። ዛሬም ከአዲስ አበባ በመጣው ፈታኝ ፊት የፈተናውን ሞተር ገጥሜ፣ አንድ ብሎን አስቀርቼ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አለቃዬን።»

«አለቃህ ሊፈተንልህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ሰዓቱ እያለቀ ነው!»

ራሴ አጠበቅኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ከእንግዲህ የምስክር ወረቀት ያለኝ መካኒክ ነኝ፤ ዱራሜ ያለው የመንግሥት ጋራዥም ሊቀጥረኝ ይችላል። ወደ ጋራዣችን ስመለስ ለጋሽ ኤርጫፎ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ራስህ አጠበቅከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው መለየት አቃተኝ።