የቁልፍ ሠሪው ጥፍሬ ሞትና የግራ እጁ ሰንጢ

የትምህርት ቤታችን የአሮጌ ሰንጢዎች ጥናት ክበብ፣ መሥራቹና አስተማሪው የነበሩትን ቁልፍ ሠሪ በሞት ማጣቱን ለአባላቱ፣ ለወላጆችና ለከተማው ሕዝብ ሲያስታውቅ ሐዘኑ መሪር ነው። ቁጣውም ከሐዘኑ ስለማያንስ ይህ መግለጫ ሁለቱንም ይዟል።

ሟቹን ሁላችንም የምናውቃቸው ጥፍሬ በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣላቸው ሰንጢ ለመክፈቻ ብለው የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ስለሚያሳድጉ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ቁልፍ ሲቀርጹ ቆይተው፣ በኩላሊት ሕመም በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ክበቡ በተቋቋመበት ዓመት ትምህርት ቤቱ «ስለቱ በፕላስተር ያልተጠቀለለ ሰንጢ ግቢ አይገባም» የሚል ደንብ አወጣ። ጥፍሬ ደንቡን ወደዱት። «ጎሽ! ስለቱንማ ማንም ያየዋል፤ እናንተ ሆዱን እዩ» አሉን። በእንጨት ሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ችንካሮቹን፣ ስለቱን ወጥሮ የሚይዘውን የሞላ ጥንካሬ፣ በስለቱ ሥር የተመታውን ማኅተምና ከእጀታው ውስጥ ያለውን የናስ ገበር መመርመር ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋብሪካ ልዩ ሆኖ የወጣን ሰንጢ፣ በኋላ ልዩ እንዲመስል ከተደረገው መለየትን አስተማሩ። ናስ ባጠረ ጊዜ በብረት ገበር የተሠራው፣ የማኅተሙ ፊደል ተገልብጦ የተመታበት፣ ቀንድ ሲያልቅ በእንጨት እጀታ የወጣው፣ ሁሉም እውነተኛ ልዩነቶች ናቸው። ከሁለት ስብርባሪ ተገጣጥሞ የተሠራው ግን ውሸት ነው። «ያልተለመደ ነገር ስታገኙ መጀመሪያ ተጠራጠሩ፣ ከዚያ ደስ ይበላችሁ፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ይሸወዳል» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የከተማው ሰንጢ ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ለዐውደ ርእያቸው ማብራሪያ እንዲጽፉላቸው የራሳቸውን አንድ ሰንጢ ለጥፍሬ ላኩላቸው። ስለቱ ላይ ያለው የጥፍር ማስገቢያ ከተለመደው በተቃራኒ ጎን ስለሆነ፣ ለግራ እጅ ሰው የተሠራና አቻ የሌለው ነው ይባል ነበር። ጥፍሬ ሰንጢውን መርምረው በዚያው ቀን መለሱ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ስለቱ የዚህ ሰንጢ አይደለም፤ ከባለ ሁለት ስለት ሰንጢ የተነቀለ ሁለተኛ ስለት ነው፤ የእነዚያ ሁለተኛ ስለት ማስገቢያው በተቃራኒው ጎን ነውና።

ሊቀ መንበሩ በዐውደ ርእዩ መክፈቻ፣ በድምፅ ማጉያ፣ «እውነተኛውን ስለት ሰርቆ ሌላ የከተተበት ይሄ ልጅ ነው» አሉ። ጥፍሬ «ጋሼ፣ ይክፈቱትና ገበሩን አብረን እንየው» ቢሏቸው፣ «አንተ ቁልፍህን ቅረጽ!» ብለው አዳራሹን አሳቁባቸው። ሳቁ ከአዳራሹ ወጥቶ ገበያ ገባ። ሌባ ለተባለ ቁልፍ ሠሪ የቤቱን ቁልፍ የሚሰጥ የለም። የጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ እንኳ ቁልፉን ለማስቀረጽ መንገዱን መሻገር ጀመረ። ጥፍሬ ታመው የተኙት በዚህ ስም ላይ ነው፤ የሞቱትም በዚሁ ስም ላይ ነው።

በቀብሩ ዕለት ሊቀ መንበሩ የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተው «እንደ ልጄ ነበር» ሲሉ ንግግር አደረጉ። የሟቹ እናት «ሌባ ያሉትም እርስዎ፣ ልጄ ያሉትም እርስዎ፤ ዛሬ የትኛውን ሊቀብሩ ነው የመጡት?» ብለው ጠየቋቸው። ሊቀ መንበሩ ጉንጉኑን አኑረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ ሰንጢ «በደሉን ይቅር ብለናል» ከሚል ካርድ ጋር ለመታሰቢያ ብለው ለትምህርት ቤቱ ላኩ። ልጆች ምን ያውቃሉ ብለው ይሆናል።

ክበቡ ሰንጢውን የከፈተው ዳይሬክተሯ፣ የእንጨት ሥራ መምህሩና የሰብሳቢዎቹ ማኅበር አባል የሆኑት የጥርስ ሐኪም ባሉበት ነው። ስለት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጎኑ ገበሩን ስለሚያሽ፣ በዓመታት ብዛት ናሱ ላይ መስመር ያወጣል። በዚህ ሰንጢ ገበር ላይ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው አሁን በሌለው፣ በቀድሞው ሰፊ ስለት የወጣ ነው። ሁለተኛው አሁን ካለው ስለት ጋር ልክክ ይላል፤ ጥልቅ ነው፤ የደረቀ ዘይትና እድፍ ሞልቶታል። የጥርስ ሐኪሟ በአጉሊ መነጽራቸው አይተው «ይሄ የአንድ ቀን ጭረት ከሆነ እኔም ጥርስ ነቅዬ አላውቅም» አሉ።

ስለዚህ ስለቱ ጥፍሬ ሰንጢውን ከመንካታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት እዚያው ነበር። መስመሩን ያጠለቀውም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰንጢውን ቀጭ ቋ እያደረገ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው የሊቀ መንበሩ የራሳቸው እጅ ነው። ስለቱን በመጀመሪያ ማን እንደቀየረው ክበቡ አያውቅም። ማን እንዳልቀየረው ግን ሊቀ መንበሩ ማጉያውን ሲጨብጡም ያውቁ ነበር።

በመሆኑም ክበቡ የሚከተለውን ወስኗል። ሰንጢው በትምህርት ቤቱ ዋና መግቢያ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ሆዱ ወደ ተመልካች ዞሮ፣ አጉሊ መነጽር ተገጥሞለት ይቀመጣል። የይቅርታ ካርዱም አንድ ቃል ሳይነካ ከጎኑ ይሆናል። ከሊቀ መንበሩ ሰንጢ የገዛ ማንኛውም ሰው ይዞ ቢመጣ፣ አባላቱ እንደ ተማሩት በነጻ ይመረምሩለታል። ካሁኑ የጠየቁ አሉ።

ክበቡ ለሟቹ እናት፣ ለቤተሰባቸው፣ ወሬውን ሰምተው ቁልፋቸውን ከእርሳቸው ላልነሱት ጥቂት ደንበኞቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። መግለጫውን ያረቀቀው የክበቡ ጸሐፊ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባላቱ በሙሉ ድምፅ አጽድቀውታል። ዳይሬክተሯ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዲወጡ ጠይቀው አንዱ ወጥቷል።

ሊቀ መንበሩን በተመለከተ፣ ክበቡ ለማንም ሞት አይመኝም። በዚያ በር በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይገባል፤ እያንዳንዱም ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ቤቱ ገብቶም ያወራል። ይህን ሁሉ እንዲያዩና እንዲሰሙ ረጅም ዕድሜ፣ ደህና ዐይንና የሚሰማ ጆሮ እንመኝላቸዋለን።