ሠላሳ ዘጠኝ የሆነው ብሮሚን

ሰኞ

ጣቴ ውሃ ቋጥሯል። ለዓይነ ስውሯ ተማሪዬ ለለሊሴ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በብሬል እየወጋሁላት ነው። ወረቀቱ ከጀርባው ነው የሚወጋው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁሉም ተገልብጦ። አምስት ሳይገለበጥ ከተወጋ ዘጠኝ ሆኖ ይነበባል። 118 ንጥረ ነገር! ዛሬ ሠላሳ ላይ ቆምኩ።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ገመዳ፣ ሰንጠረዥ ማንበብ የማትችል ልጅ ናቹራል ክፍል ምን ትሠራለች፣ ሶሻል ትግባ ባይ ናቸው። ሐሙስ ራሳቸው ይፈትኗታል። ልጅቷ ደግሞ ከኬሚስትሪ ሌላ ወሬ የላትም።

ማክሰኞ

ከአለም ገና ታክሲ ጠፍቶ አንድ ሰዓት ቆምኩ። አራት ክፍል አስተማርኩ። ምሳ ሰዓቴን ስወጋ ዋልኩ፤ እጄ የራሱን ይሠራል፣ እኔ የለሁም። ሰባ ደረስኩ።

ረቡዕ

አለቀ። መፈተሽ ነበረብኝ፣ አቅም አጣሁ። ነገ ጠዋት እሰጣታለሁ።

ሐሙስ

ጉድ ሠርቼ ነበር።

ኦቦ ገመዳ ኦክስጅንን ጠየቋት፣ መለሰች። ብረትን፣ መለሰች። ከዚያ ብሮሚን ስንት ፕሮቶን አለው አሏት። ጣቷ ሄዶ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ። አለቀልን አልኩ በልቤ።

«ወረቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል» አለች። «ተሳስቷል። ሠላሳ አምስት ነው።»

እንዴት እንዳወቀች ጠየቋት።

«በግራው 34 አለ፣ በቀኙ 36። ፕሮቶን አንድ በአንድ ነው የሚጨምረው፣ አይዘልም። ሠላሳ ዘጠኝ ፕሮቶን ካለውማ ብሮሚን ብለን ብንጠራውም ኢትሪየም ነው።»

ኦቦ ገመዳ ስልካቸውን አውጥተው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አፈርኩ። ደስም አለኝ፣ ምን እንደሚያስለቅሰኝ እንጃ እንጂ እንባዬ መጣ።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ። «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እናያታለን።»

ዓርብ

የሴሚስተሩ መጨረሻ ሩቅ አይደለም። የፊዚክስ መምህሩ ከአሁኑ፣ የኔን ሥዕሎች ማን ይወጋል እያለ ያጉረመርማል። መልሱ እኔው ሳልሆን አልቀርም። እናቴ ድረሽ!

በእረፍት ሰዓት የዘጠኟን ነጥቦች በጥፍሬ ደፍጥጬ አምስት ወጋሁና ለለሊሴ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ ዳሰሰችው።

«አሁን ብሮሚን ሆነ፣ ቲቸር» አለች።