ከተንጠለጠለው ቱቦ ሥር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ቀለል አለልሽ ወይ? ባለቤትሽስ? ወንዶቹ ልጆችሽስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘዋል? የሊበን ጤፍ ዘንድሮ አምሯል ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ዓይኗ ቢደክምም አፏ አልደከመም፤ ገና ሳይነጋ ተነስታ ቤቱን ሁሉ ትቆጣለች። ባለቤቴ ሥርጉት እጅ ነስታሻለች።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ። ወንዙን ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ» ትይና ትዘጊዋለሽ። አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ከሆነ ግን አጥፈሽ ታስቀምጪውና ልብሽ ሲፈቅድ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው ወደ ሊበን ለሚመጣ ሰው የሰጠሁት።

እህቴ፣ ዘንድሮ አንጀቴ አርሯል። የቀበሌው ሰው በወንዛችን ላይ ውኃውን በሥሩ በቱቦ የሚያሳልፍ መሻገሪያ ይሠራ ብሎ ኮሚቴ ማቋቋሙን ሳትሰሚ አትቀሪም። እኔ ወፍጮ ስለማሠራ የሞተር ነገር ይገባዋል ተባለና ማሽን የማፈላለጉ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ምነው ባልወደቀ! ሰብሳቢው አያ ወንዳወቅ ናቸው፤ ማንኩሳ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አንዴ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል አይመለሱም።

ቱቦዎቹ ከቡሬ የመጡት ገና በጥቅምት ነው። ብረት ያለው ሲሚንቶ ናቸው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ በውስጣቸው ያልፋል። የጫናቸው መኪና የራሱ ማንሻ ነበረውና ሜዳው ላይ አራግፏቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ የአገሩ ጎረምሳ ተሰብስቦ አንዱን ሊያነቃንቅ ቢታገል ንቅንቅ አላለም። ፍየል ሲጠለልባቸው ከረመ። ቦይ ቆፍሮ፣ እነዚያን አንስቶ፣ ውስጡ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ስካቫተር ያስፈልግ ነበር።

በስብሰባው ላይ አያ ወንዳወቅ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። የአማቻቸው ልጅ ባለ ጎማ ማሽን አለችው፤ ከፊቷ አካፋ፣ ከኋላዋ መቆፈሪያ ያላት ቢጫዋ። እዚሁ ማንኩሳ ናት፤ በራሷ ጎማ እየተነዳች ትመጣለች፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ አሉ። እኔ ተነስቼ ክንዷን ዘርግታ ስንት ክብደት ትችላለች ብዬ ጠየቅሁ። ድንጋይ ፈንቅላ የምታወጣ ማሽን ቱቦ ማንሳት ያቅታታል ወይ አሉኝ። መፈንቀልና ማንሳት አንድ አይደለም ብል፣ «አንተ ቱቦ ነው የምታስቀብረው ወይስ ሙሽራ ነው የምታስገባው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። መንገድ ሥራ ላይ ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት መሐንዲስ አለች፤ ሰው አገናኝቶኝ ቢሮዋ ገባሁ። የቱቦውን መጠን ነገርኳት፣ ዳሩ እርጥብ አፈር መሆኑንም ነገርኳት። ጥግ ላይ የነበረ ውኃ የሞላ ጀሪካን አሳየችኝና ደረትህ ላይ አቅፈው አለችኝ። አቀፍኩት። አሁን ክንድህን ዘርግተህ ያዘው አለችኝ። ወዲያው ትከሻዬ ተንቀጠቀጠና ጀሪካኑ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ቢሮዋን በውኃ ሞላሁት። እሷ ግን አልተቆጣችም። ማሽንም እንዲሁ ነው አለችኝ። እግሩ ሥር ያለውን ያነሳል፤ ክንዱን በዘረጋ ቁጥር አቅሙ ይሸሸዋል። ዳሩ እርጥብ ከሆነ ማሽኑ ወደኋላ ርቆ መቆም አለበት፣ ስለዚህ ክንዱ ይረዝማል። የባኬቱን፣ ያ የሚቆፍርበትን አካፋ፣ ትልቅነት አትይ፤ በዚያ ርቀት ላይ የሚችለውን ክብደት ከራሱ መጽሐፍ ሰንጠረዥ ላይ እይ። በጎማ የሚሄድ ሳይሆን ባለ ሰንሰለት ይሁን፣ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል። ለክንዱ ዘይት የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ቢፈነዳ ክንዱን ባለበት የሚይዝ መቆለፊያ ይኑረው። ማንሻው የብረት ገመድ በባኬቱ ጥርስ ሳይሆን ለማንሻ በተሠራው ቀለበት ላይ ይታሰር። ከሁሉም በላይ ከተንጠለጠለ ቱቦ ሥር ሰው አይቁም አለችኝ።

ይህን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። እዚያ ያየሁት ፍዳ ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። አንዱ ያሳየኝ ማሽን ተራራ ያክላል፤ ተጭኖበት የሚመጣው ረጅም ተሳቢ፣ ሎቤዱ፣ ግን በእኛ መንገድ አይታጠፍም። ሌላው ማንሻ ቀለበቱ ተሰንጥቆ በብየዳ ተለጥፏል። ይኼ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ጌጥ ነው አለኝ! ሦስተኛውን ሰውዬ ሰንጠረዡን አሳየኝ ብዬ ብጠይቀው አይጥ በላው አለና ሳቀ። ቱቦ የምታነሳው በማሽኑ እንጂ በወረቀቱ አይደለም፣ ምን ያደርግልሃል ብሎ ጨመረልኝ። እህቴ፣ ሰው የሕይወት ጉዳይ የሆነ ነገር ሲጠይቅ ለምን እንደሚሳቅበት እስካሁን አልገባኝም።

በመጨረሻ ዳኘው የሚባል ኦፕሬተር የሚነዳው ባለ ሰንሰለት አገኘሁ። መካከለኛ ነው። ሰንጠረዡ በወንበሩ ጀርባ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፎቶ አንስቼ ለፍሬሕይወት ላክሁላት፤ ዳሩን ካጠነከራችሁለትና ከልክ በላይ ካላራቃችሁት ይበቃል አለችኝ። ደስ ብሎኝ ለአያ ወንዳወቅ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። በልቤ አንድ ነገር ጠረጠርኩ።

ያሰብኩት አልቀረም። ከመኪና ወርጄ ቁልቁል ወደ ወንዙ ስሄድ የቢጫዋን ጩኸት ከሩቅ ሰማሁ። እኔ ቡሬ ስንከራተት እሳቸው የአማቻቸውን ልጅ ጠርተው ቦዩን አስቆፍረው፣ ቱቦ ማንሳት ጀምረዋል! ስደርስ የቱቦው ማሰሪያ ሰንሰለት በባኬቱ ጥርስ ላይ ተጠምጥሟል፣ ቱቦው አየር ላይ ይወዛወዛል። ቦዩ ውስጥ ደግሞ ጎረቤታችን እንግዳው ቆሟል፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቱቦውን ሊቀበል! ሕፃን እንደሚቀበል ሰው!

ውጣ! ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ማሽኗ ክንዷን ወደ ቦዩ ስትዘረጋ ፊተኛው ጎማዋ ከመሬት ተነሳ። ከዚያ የዳሩ አፈር ተናደ። እንግዳው ራሱን ወደ ጎን ወረወረ፤ ቱቦው እሱ በቆመበት ላይ ወርዶ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ለትንሽ ጊዜ ከሚናደው አፈር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሚስቱ በለጠች ያወጣችው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አፈሩ መናዱን ሲያቆም እንግዳው በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ጋቢው ከቱቦው ሥር ቀረ።

እኔ እንዴት እንደሆንኩ አላውቅም። የአያ ወንዳወቅን ኮሌታ ይዤ ነበር አሉኝ። በሕይወቴ በሽማግሌ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ። ይህ ወንዝ እንደገና ሰው እስኪበላ ነው የምትጠብቁት አልኳቸው። እሳቸውም በድንጋጤ ይሁን በንዴት፣ «ምን ይህን ያህል አከረረህ? ሰው አልሞተ!» አሉ።

ሰው አልሞተ። ኮሌታቸውን ለቀቅሁ። በለጠች፣ አፈር የለበሰ ባሏን እንዳቀፈች፣ ዝም በሉ አንቱ፣ ለማን ምን እንደሚሉ ይወቁ አለቻቸው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አያ ወንዳወቅ እኔን አዩኝ፣ ወንዙን አዩ። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀን በፊት ባርኔጣቸውን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሲያወልቁ ያየ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወፍጮ ቤት መጡ። ይቅርታ አላሉም፤ ተነስ፣ ቡሬ አብረን ሄደን ያንን ባለ ሰንሰለት እናምጣ አሉኝ። በራሳቸው መኪና ሄድን። እንግዲህ መንገዱን ሙሉ ምን ሲሉ እንደሄዱ ልንገርሽ? ስካቫተር ሲመረጥ የባኬቱ ትልቅነት አይታይም፣ ክንዱ ሲዘረጋ አቅሙ ይሸሸዋል፣ መቆለፊያ ከሌለው አትንካው እያሉ እኔን ሲያስተምሩኝ! እኔ የነገርኳቸውን! ጥርሴን ነክሼ አዎ፣ ልክ ነው እያልኩ ቡሬ ደረስን።

ዳኘው ማሽኑን አመጣ። ዳሩን በድንጋይና በጠጠር አጠነከርን፣ ለተሰበረውም ምትክ ተገኘ። ዳኘው የመጀመሪያውን ቱቦ ከመሬት ትንሽ ብቻ አነሳና ባለበት አቆየው። አያ ወንዳወቅ ምን ይጠብቃል ብለው ተቁነጠነጡ። የማሽኑ ሰንሰለት መሬት መልቀቅ አለመልቀቁን እያየ ነው አልኳቸው። ሰው ሁሉ ከቦዩ ራቀ፤ ቱቦውን ከሁለት ወገን በረጅም ገመድ እየመራን በቦታው አስተኛነው። እንግዳውም ገመድ ልያዝ አለ፣ ማንም አልከለከለውም። የመጨረሻው ገብቶ አፈር ሲለብስ አንድም ሰው አልተጫረም።

የምረቃው ቀን አያ ወንዳወቅ ንግግር አደረጉ። ማሽን አመራረጥ ላይ ያደረጉትን ጥንቃቄ ዘርዝረው ሲያበቁ ጭብጨባው ደመቀ። ፍሬሕይወት ከፍኖተ ሰላም መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ለመሳቅም ለመናደድም አቅም አልቀረኝም።

ከዚያ ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው መሻገሪያው መሐል ላይ ቆሙ። ስለ እሳቸው ላንቺ አልነግርሽም፤ ያን ክረምት ከእኔ ጋር ዳር ዳሩን እስከ ታች ወርደው ልጅሽን የፈለጓት እሳቸው ናቸው። ጸሎቱን ጨርሰው ወደ ውኃው ዞሩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከእንግዲህ ምሕረት በዚህ ትሻገር፤ ውኃው አይንካት» አሉ። ሕዝቡ የፈጣሪን ምሕረት መስሎት አሜን አለ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ። እናታችን ግን ገባት። በደከመው ዓይኗ ወደ ወንዙ ዞራ ጮክ ብላ አሜን አለች።

እህቴ፣ ባለፈው ሳምንት ከባድ ዝናብ ጣለ። ማንንም ሳልጠራ ወርጄ ቆምኩ። ውኃው ደፍርሶ፣ እንጨት እየነዳ መጣና በቱቦዎቹ ውስጥ እየጮኸ አለፈ። ከላይ ግን መንገዱ ደረቅ ነበር። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ፣ ወንዙን እንኳ ሳያዩት አለፉ። እኔ አንድ በአንድ እያየኋቸው ሁሉም እስኪያልፉ ቆየሁ።

ነይ አልልሽም። እናታችንም ነይ በላት ብላ አላከችኝም፤ ብቻ የአንቺን መደብ ሰሞኑን በጭቃ ስትለስን አይቻታለሁ። ከመጣሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ። ማንኩሳ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ብቻሽን አትሻገሪም።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እጅሽን የሚስመው ታናሽ ወንድምሽ