በሎብስተሩ መቅረት እጄ እንደሌለበት እንዲጻፍልኝ

ቀን፦ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.
ከማዴይራ ወደ ሳውዝሃምፕተን በጉዞ ላይ

ለ«ሌዲ አራሚንታ» መርከብ የእንግዶች መስተንግዶ ዋና ኃላፊ
ለክብርት ሚስስ ኢሞጀን ክራዶክ
አምስተኛ ፎቅ

አመልካች፦ ደስሞንድ ትረልፎል፣ ጡረታ የወጣ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ፣ ከግሪምዝቢ

ጉዳዩ፦ በእራት ላይ በነፃ ይደገም የነበረው ሎብስተር የተባለው የባሕር ምግብ የቀረው በእኔ ምክንያት አለመሆኑ ማኅተም ባለው ወረቀት እንዲረጋገጥልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እኔ አመልካች በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ከባለቤቴ ከግሌኒስ ጋር በዚህ መርከብ የምጓዝ፣ ለታማኝ ደንበኛ የሚሰጠውን ወርቃማ ምልክት ደረቴ ላይ የማደርግ ሰው ነኝ። እራት የምንበላው ሁልጊዜ በሁለተኛው ዙር፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ከኖርማን ባጎትና ከሚስቱ ከሂላሪ ጋር ነው። ኖርማንም እንደ እኔ ጡረታ ወጥቷል። በሥራ ዘመኔ ሰው በፈተና ስጥል ብዙ ተረግሜአለሁና ወቀሳ እንግዳዬ አይደለም። ባልሠራሁት መወቀስ ግን ዘንድሮ የጀመረኝ ነገር ነው።

1ኛ. ባለፈው ዓመት በሎብስተር ምሽት ሰባት ሎብስተር መብላቴን አልክድም። ይህን የምናገረው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ሆኖም አንዱንም ጠይቄ አልበላሁም። አስተናጋጁ ከጀርባዬ መጥቶ ጎንበስ ይልና «ልድገምዎት ጌታዬ?» ይለኛል፤ እኔን ደግሞ እናቴ የሰው እጅ መመለስ ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። እሱ መጠየቁን ቢተው እኔም መብላቴን እተው ነበር። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ሰባት ደረስን። ኖርማን ግን ቆጠረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሲመለከት የኖረ ነውና ጡረታ ቢወጣም ሰው ሲያኝክ ማየቱን አልተወም።

2ኛ. ዘንድሮ ከሳውዝሃምፕተን በተነሳንበት ምሽት ጠረጴዛችን ላይ አንድ ወፍራም ካርድ ቆሞ ጠበቀን። «የእንግዶቻችንን ምርጫ ይበልጥ ለማክበር» ሲል ይጀምርና፣ ከእንግዲህ በሎብስተር ምሽት ለአንድ ሰው አንድ ብቻ እንደሚቀርብ፣ መድገም ለሚፈልግ በክፍያ እንደሚሆን፣ የቁርሱ ሳልሞን ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚወጣ፣ ማታ ማታ ትራስ ላይ የምትቀመጠዋም ቸኮሌት «ለእንቅልፍዎ ጥራት ሲባል» እንደቀረች ይዘረዝራል። ሲያከብሩን እንዲህ ካደረጉን ሲንቁን ምን ሊያደርጉን ነው የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ልለፈው። ኖርማን ካርዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እንግዲህ ደስሞንድ፣ ለፋህ ለፋህ፣ ይኸው ተሳካልህ» አለኝ። ሂላሪ ሳቀች። የጎረቤት ጠረጴዛም ሳቀ። እኔም ጨዋታ አዋቂ ለመምሰል አብሬ ሳቅሁ፤ በዚያች ሳቅ ጥፋቱን እንደተቀበልኩ ተቆጠረብኝ።

3ኛ. የአገሬ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም። ሊፍት ውስጥ ሲገናኘኝ «ደህና አደሩ» ይልና ዓይኑን ሆዴ ላይ ያሳርፋል፤ ቀጭን ስለሆንኩ ግን እዚያ ምንም ማስረጃ አያገኝም። በሻይ ሰዓት ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች የሚከተለውን ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«እሱ ነው?»

«ራሱ ነው። አሥራ አንድ ነው አሉ የበላው።»

«ይኼ ቀጭኑ?»

«ቀጭኖቹ ናቸው የሚብሱት። የት እንደሚከቱት እንጃላቸው።»

ማዴይራ ደሴት ስንደርስ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ገብቶ ነበር። የሃሮጌት ሰው የሆኑ አንዲት ከዘራ የያዙ አሮጊት ደግሞ መተላለፊያው ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ ሎብስተሩስ ይሁን፤ ትራሴ ላይ የነበረችው ቸኮሌት ምን አድርጋህ ነው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጄ ያለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁና በዚያች ብቻ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይም አንድ ቡድን ራሱን «የደስሞንድ ፍርፋሪ» ብሎ ሰየመ። አሸነፈም። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም ከሌላ ቡድን ጋር እዚያው ተቀምጬ ነበርና፣ ለአሸናፊ ማጨብጨብ ወግ ስለሆነ፣ አጨበጨብኩ።

4ኛ. ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የሚከተለውን ነው። የዘንድሮው የሎብስተር ምሽት ባለፈ በማግስቱ ግሌኒስ ወደ ጠረጴዛችን አልመጣችም። ታማ ይሆን ብዬ ስፈልጋት፣ ብቻቸውን ለሚጓዙ እንግዶች በተለየው ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማላውቃቸው ሴቶች መካከል ተቀምጣ አገኘኋት። ጎንበስ ብዬ «ግሌኒስ፣ ይኼ እኮ ብቻቸውን ለሚጓዙ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝና ዳቦዋን ቅቤ መቀባቷን ቀጠለች።

አርባ ስድስት ዓመት በትዳር የኖርን ሰዎች ነን። በእኔ አፍራ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ሎብስተር በሚታማ ባል ባያፍር ነው የሚገርመው። ከዚያ ወዲህ እራቴን የምበላው ከኖርማንና ከሂላሪ ጋር ሦስት ሆነን ነው። ባዶውን ወንበር የሚያነሳው የለም፤ ኖርማን የሂላሪን የእጅ ቦርሳ ያስቀምጥበታል። ግሌኒስ ከወዲያ ማዶ ስትስቅ እሰማታለሁ። ናፍቃኛለች ክብርት ሆይ። በአንድ ክፍል እያደሩ መናፈቅ እንዳለ አላውቅም ነበር።

5ኛ. ስሜን የማጠራበት መንገድ ፍለጋ የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ ሚስተር አንሴልም ዲሳን አነጋገርኩ። እሳቸውም «ውሳኔው የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው ጌታዬ። በሁሉም መርከቦች ላይ ነው የቀነሱት» አሉኝ።

«እኔን አስበው አይደለም ማለት ነው?»

«እርስዎን ማን ያውቅዎታል ጌታዬ? ከእርስዎ የባሰ ስንት አለ መሰለዎት።»

እፎይ አልኩ። ትንሽ ቅር እንዳለኝም አልደብቅም፤ ሰው ይህን ያህል ሲታማ ከርሞ ጭራሽ የማይታወቅ መሆኑን ሲሰማ አንድ ነገር ይጎድልበታል። ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ ስላቸው ሥልጣኑ ያለው እርስዎ ዘንድ እንደሆነ ነገሩኝ።

በመሆኑም፦

ሀ. ከላይ የተገለጸው እውነት በመርከቡ አርማና ማኅተም ተጽፎ እንዲሰጠኝ፤

ለ. የመርከቡ አዛዥ እኩለ ቀን ላይ ስለ አየሩና ስለ ባሕሩ ጥልቀት ለመንገደኛው ሲናገሩ፣ ቀጥለው የእኔን ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲሉልኝ፤

ሐ. የሎብስተሩ መደገም በነፃ እንዲመለስ፤ ለዚህም ኖርማን ባጎት ሎብስተሩ ይመለስልን ብሎ ለመንገደኛው እያዞረ ባስፈረመው ወረቀት ላይ በአንደኛ ተራ፣ ከሁሉም በተለቀ ጽሕፈት ስሜን ያሰፈርኩት እኔ መሆኔ እንዲታወቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ክብርት ሆይ፣ እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ዛሬ ጠዋት ነው። አሁን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነገሩም ተለውጧል። በአዲስ ወረቀት ገልብጬ ልጽፈው ብዬ ወደ መቀበያው ሄጄ ወረቀት ብጠይቅ «በነፃ ይሰጥ የነበረው ቀርቷል» ተባልኩ። ስለዚህ እዚሁ እቀጥላለሁ።

6ኛ. ግሌኒስ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ በሕይወቴ እሷ ያላየችው ደብዳቤ ልኬ አላውቅም። ተጣልተንም ቢሆን ወሰድኩላት። ከላይኛው ፎቅ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ባሕሩን እያየች ነበር። አንድም ፊደል ሳታርም እስከ መጨረሻው አነበበችና «እኔ ሎብስተሩን አንተ አስቀረኸው ብዬህ አውቃለሁ?» አለችኝ።

«አላልሽኝም።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ምንድነው?»

«ካላፈርሽብኝ ለምን ከጠረጴዛ ተነሳሽ?»

ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ወትሮ ሎብስተር ሲመጣ እኔ አናትህን እያየሁ ነው የምበላው። ሦስተኛው ይመጣል፣ አራተኛው ይመጣል፣ አናትህ ነው። ዘንድሮ አንድ ብቻ ሆነና ቶሎ ጨርሰህ ቀና አልክ። ዓይንህ እኔ ላይ አረፈ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ታች ወርጄ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ። ምን ሊለኝ ይሆን ብዬ ሹካዬን አስቀመጥኩ። እና ምን አልከኝ?»

ያልኩት ትዝ ብሎኛል። እሷው ጨረሰችልኝ።

«‹ያንቺን ትጨርሺዋለሽ?› አልከኝ።»

ይህን ለአንድ መሥሪያ ቤት መጻፍ ቀላል አይደለም። አፈርኩ፤ በኖርማን ቀልድም በጥያቄና መልሱም እንዲህ አላፈርኩም። መስታወትህን አላየህም እያልኩ ስንቱን ወጣት ከፈተና የጣልኩ ሰው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ሴት አላየኋትም። «አምሮብሽ ነበር» አልኳት።

«አሁን ነው የታየህ?»

«አሁንም አምሮብሻል።»

«አሁን አፍንጫዬ ቀልቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ?»

«አዎ።»

ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ከዚያ «ነገ ማታ እመጣለሁ» አለችኝ። «ለሁለት በሚሆን ጠረጴዛ፣ ያ ኖርማን ጥርሴን በማያይበት። አንድ ማታ ልሞክርህ።» በዕድሜዬ ብዙ ሰው ፈትኛለሁ፤ መፈተን ግን ዛሬ ማታ እንቅልፍ ሊነሳኝ ነው።

7ኛ. በዚህ ደስታ ላይ ሳለሁ ኖርማን በዚያው ፎቅ ላይ እየሮጠ መጣ። ቢሮዎ የመንገደኛውን ፊርማ ተቀብሎ፣ በመሰናበቻው ምክንያት በነገው የመጨረሻ የክብር እራት ሎብስተሩን እንደ ቀድሞው ያለ ክፍያ ለማስደገም እያሰበ መሆኑን ሰምቷል። «ፊርማችን ሠራ!» አለኝ። «ነገ እንደ ልብ ነው፤ ስምህን ታድሳለህ!» ከዚያ ወዲህ መርከቡ ሁሉ ወዳጄ ሆኗል። እነዚያ የሻይ ሰልፍ ሴቶች ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «መጀመሪያ የፈረሙት እርስዎ ነዎት አሉ፤ ይባረኩ» ብለውኛል። የሃሮጌቷ አሮጊትም «ቸኮሌቷንም አትርሳልኝ ልጄ» ብለው አደራ ጥለውብኛል። ጠዋት በማኅተም የጠየቅሁት ክብር ከሰዓት በኋላ ያለ ማኅተም መጣልኝ።

እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ አስተናጋጁ እኔን ብቻ ዘሎኝ እንዲያልፍ ላመለክት አስቤ ነበር። አይሆንም። ሽታው በጎኔ ካለፈ፣ ከጎረቤት ጠረጴዛ «ልድገምዎት?» የሚል ድምፅ ከሰማሁ፣ ግሌኒስ ነገም የምታየው አናቴን ነው። ከዚያ በኋላ የምትቀመጥበትን ጠረጴዛ እርስዎም ያውቁታል።

ስለዚህ ከሀ እስከ ሐ የቀረበው ልመና በሙሉ ተሰርዞ፣ በምትኩ ለነገ ማታ ከባጎቶች ራቅ ያለ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ እንዲሰጠን፤ ሎብስተሩም እንዳይመለስ አጥብቄ እለምናለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ይበቃል። ስምንት መቶ መንገደኛ አንድ ማታ አንድ አንድ በልቶ ቢነሳ የሚሞት የለም፤ እኔ ግን የቀረችኝ አንዲት ማታ ናት። ከፊርማው ወረቀት ላይ ስሜ ይሰረዝልኝ አልልም፤ በትልቁ ስለተጻፈ ሲሰረዝ ከሩቅ ይታያል። ማንም ቢጠይቅ ዋናው መሥሪያ ቤት አልፈቀደም ይበሉልኝ።

መንገደኛው ከእንግዲህ ሎብስተሩ በደስሞንድ ምክንያት ቀረብን ብሎ ቢያማኝ እውነቱን ነው፤ የንጽሕና ወረቀትም አልጠይቅም።

በዚህ ጉዞ ካልተቀነሰው ሰላምታዬ ጋር

(ፊርማ)
ደስሞንድ ትረልፎል

ግልባጭ፦ ለማንም፤ በተለይ ለሚስተር ኖርማን ባጎት እንዳይደርስ።