ዓመት ያልተጻፈበት ቀፎ

ለእናቴ ምትክ፣ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ከሰላምታዬ ሁሉ ጉልበትሽን ላስቀድም፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ተሻላቸው? ትልቋ ልጅሽ በሰላም ተገላገለች ወይ? እናንተን ሳላነሳ የምጨርሰው ጸሎት የለኝም። እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የበላሁትም ይስማማኛል። ልጄም ደህና ናት፤ ወጡ ላይ ጨው ሳበዛ ልክ እንደ እናቷ አድርጋ ትቆጣኛለች። ልቤም ደህና ነው ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ወረቀት ያነሳሁትም ለዚህ ነው።

በስልክ ብነግርሽ ደስ ባለኝ። ግን ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ካልጮህኩ አትሰሚኝም፤ ይህ ደግሞ ጎረቤት እየሰማ የሚነገር ነገር አይደለም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ እዚሁ ሰፈር ያለ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወሬ ቢወድም አደራ አይበላም።

እንደምታውቂው የምሠራው የኮምፒውተር ማውስ ከሚያመርት ትንሽ ወርክሾፕ ነው፤ ያ በመዳፍ ተይዞ ጠረጴዛ ላይ የሚንሸራተተውን ማለቴ ነው። የእኔ ድርሻ ፎርማው ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበትን ብረት በሞረድ እየፋቅሁ ቅርጽ አወጣለታለሁ፤ ከዚያ የሚወጣውን ባዶ ልባስ ቀፎ እንለዋለን። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ቢሮ ውላ ስትመጣ አውራ ጣቷን እያሸች ትቀመጥ እንደነበር አልረሳሽም። «የምትሠሩት ለማን እጅ ነው፣ ለአናጺ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አዲስ ፎርማ ሲታዘዝ ታዲያ፣ በጎኑ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ እንዲወጣ አድርጌ ሠራሁት። ልኩን የወሰድኩት ሊጥ አስጨብጬ ከራሷ ጣት ነው። አለቃችን አይቶ ወደደው፣ ዕቃውም በዚያው መልክ ተሸጠ።

እሷ ካረፈች በኋላ ነው እንግዲህ አንድ ትልቅ ድርጅት፣ ስሙ በየሱቁ የተሰቀለ፣ ያው ጎድጓዳ ያለበትን ማውስ ያወጣው። ከእኛ ወሰዱት ወይስ ሐሳብ ከሐሳብ ገጠመ፣ ባላየሁት አልምልም። እነሱ ግን የንግድ ምልክታችን ነው ብለው አስመዘገቡት። እኔ የንግድ ምልክት ስምና ሥዕል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ዕቃውን ከሩቅ አይቶ «ይሄ የእነ እገሌ ነው» የሚልበት መልክም ምልክት ይሆናል። እኛ ምንም አላስመዘገብንም። የሚስቱን ጣት ማን ያስመዘግባል? አሁን መልካችንን ሰረቃችሁ ብለው ከሰውናል።

ባለፈው ሳምንት የፍርድ ቤት ሰዎች መጥተው የመጋዘኑን በር አሸጉት። ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ወረቀቱን ለጥፈው፣ በመዳፋቸው ደልድለው፣ ደህና ዋሉ ብለውን ሄዱ። የፕላስቲክ ማሽኑም ቆሟል። ያን ሁሉ ዘመን ጩኸቱን ስረግም የኖርኩ ሰውዬ፣ አሁን ጸጥታው ጀርባዬን ይበርደኛል። ከበሩ ማዶ የማናውቀው ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ፎቶ ያነሳል። ክፍሎቹን የምትገጣጥመው ሴትዮ፣ ያቺ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው፣ «ማውስ ማለት አይጥ ነው አሉ፤ በአይጥ ተከሰን የሚፈርድብን ድመት እንዳይሆን» ብላ አሳቀችን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ሁላችንም ወደ ታሸገው በር ዞር አልን።

ጠበቃችን ከእነሱ ቀድመን መሥራታችንን የሚያሳይ ነገር ካልቀረበ ወርክሾፑ ይዘጋል ብሎናል። የዚያን ጊዜው ፎርማ አርጅቶ ከቀለጠ ቆየ። የድሮው ደረሰኝ ላይም «ማውስ» ይላል እንጂ መልኩ አልተጻፈም። የቀረው በኩሩ ነው። በእኛ ወርክሾፕ ከአዲስ ፎርማ መጀመሪያ የሚወጣው ቀፎ አይሸጥም፤ ፎርማውን የሠራው ሰው በውስጡ ቀኑን ጭሮ ለቤቱ ይወስደዋል። በኩር የምንለው እሱን ነው። የእኔን ለባለቤቴ ሰጠኋት፣ እሷም መርፌና ቁልፍ ታስቀምጥበት ነበር። እትዬ፣ ቀብሯን ውለሽ ስትመለሺ «የእጇ ነገር አይለየኝ» ብለሽ ሻንጣሽ ውስጥ የከተትሽው ያ ጥቁር ቀፎ ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ባልንጀሮቼ ሁሉ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ ቀኑንና ወሩን ጭሬ ዓመቱን ትቼዋለሁ። አባታችን በሠራው በርም ሆነ ወንበር ላይ ዓመት አይጽፍም ነበር፤ «ዕድሜ የሚቆጥር ሌላ አለ» የሚለውን ታስታውሻለሽ። ያን ይዤ ነው። ባለቤቴ እንኳ «ልደቱ የማይታወቅ ልጅ አመጣህልኝ» ብላ ስቃብኛለች።

ይህን ለጠበቃው ስነግረው ወደ ጥግ ወሰደኝ። «አባባ፣ እህትዎ ይላኩልዎና ዓመቱን እርስዎ ይጨምሩበት። ውሸት አይደለም፤ የሆነውን ነው የሚጽፉት» አለኝ። እህቴ መቼ እንደወሰደችው ታውቃለች፣ እነሱም ያኔ ዕቃቸውን አላወጡም ነበር ብዬ ብመልስለት፣ «የእህት ቃል ለወንድም ሲሆን ሚዛን አይደፋም» አለ። አለቃችን አንድም ነገር አላዘዘኝም። «የስንት ቤት ጉሮሮ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ቢያዘኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስቆም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ልቤ ግን ቁጥር ይጭራል። አዲሱ ጭረት የድሮውን እንዲመስል በምን እንደማደበዝዘው ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ፤ ስጨርስ ደነገጥኩ። ለገጣጣሚዋ ልጆች ብዬ ነው እላለሁ። ጠለቅ ብዬ ራሴን ስመረምር ግን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የባለቤቴን ጣት ሌላ ሰው የእኔ ነው ማለቱ ነው። ለእውነት የቆምኩ መስሎኝ ለቂም ቆሜ እንደሆነስ? እውነትን ለማዳን የሐሰት ጭረት ካስፈለገኝ፣ ያዳንኩት ምኑን ነው?

አሁን የሚያስቸኩለኝን ልንገርሽ። ለስላሳው የምንለው፣ ቀፎ ይወለውል የነበረው ሰው ትዝ ይልሻል? ሻንጣሽን እስከ መኪናው ተሸክሞ የሸኘሽ፣ አንቺም «ከክፉ ይሰውርህ» ብለሽ የመረቅሽው። ከእኛ ለቆ እዚያው ትልቁ ድርጅት ገብቷል። እሑድ ድንገት ቤቴ መጣ። ውሃ ብቻ ጠጣ፣ የሁላችሁንም ጤና በየስማችሁ ጠየቀ። በመጨረሻ «እትዬ ያኔ የወሰዷቸው ዕቃዎች አሁንም አሉ ይሆን?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እሳቸውን እንኳ ሄጄ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል» እያለ በሩ ላይ የጫማውን ክር ሲያስር ቆየ። ከሄደ በኋላ ልጄ «አባዬ፣ ሰውየው ቤቱን በዓይኑ ሲለካው ነበር» አለችኝ። ዛሬ ገጣጣሚዋ ከሚስቱ ሰምታ እንደነገረችኝ፣ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ትናንት ከከተማ ወጥቷል። በእናንተ በኩል ዘመድ እንዳለው ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ እባክሽ፣ ይህ ደብዳቤ ቀድሞት ከደረሰ፣ ሲመጣ እንግዳ ነውና አብይው፣ መኝታም አንጥፊለት፤ ቀፎውን ግን አታሳዪው። እንዳትረግሚውም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ ማን ምን ብሎ እንዳስፈራራው አላውቅም። ጋሼ ሳሉ ከፈቀደላቸው አብረውሽ ይሂዱና፣ ወደ ከተማችሁ ፍርድ ቤት ውሰጂው፤ እንዳለ ይዩት፣ እንዳለ ያሽጉት። ከየት አገኘሽው ሲሉሽ፣ በወንድሜ ሚስት ቀብር ጊዜ የወሰድኩት ነው በይ። ወንድሜ ነው የሠራው አትበይ፣ ስሠራ አላየሽኝምና። ያየሽው ሚዛን ካልደፋ አይድፋ። ወርክሾፑ ቢዘጋ የሰዎቹን ፊት እንዴት እንደማይ አላውቅም።

ወደ እኔ ግን አትላኪው። ጠበቃው ቢጽፍልሽ፣ አለቃችን ሰው ቢልክብሽ፣ እኔ ራሴ ደውዬ «ላኪልኝ» ብልሽም አትላኪው። ለስላሳውን አላሳይም ብለሽ ትመልሽዋለሽ፤ እኔን የሚመልሰኝ የለም። እጄ ሥራውን በደንብ ያውቃል እትዬ፣ ሞረዱም ከራስጌዬ ነው።

ጋሼን ጉልበት ስሜ ሰላም በይልኝ፤ የሚያስቸግራቸው ብርድ ስለሆነ ደረታቸውን ይሸፍኑ። ትልቋን ልጅሽን፣ ተገላግላ ከሆነ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ፤ ይህን ወሬ ግን ወገቧ እስኪጠና አትንገሪያት። ባሏንም በርታ በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ሰላም በያት፤ ይህን የምታነብልሽ እሷ ከሆነች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮሽ ሥር ታንብብልሽ። የልጅ ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ቀፎውን እየጎተቱ ይጫወቱበት ከሆነም አትቆጫቸው፤ ብቻ ይህ ወረቀት ተነቦ ሳይታጠፍ ቀፎውን ከእጃቸው ውሰጂው።

ምርቃትሽ የማይለየው ታናሽ ወንድምሽ

ከወርክሾፑ ጀርባ ካለችው ቤታችን
ሐሙስ፣ ጥቅምት 19 ቀን